ላቲን ያልነበራቸው ዓሦች

ሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ዳር፣ የዓሣ ምግብ ቤት አለኝ። የተማርኩት ሥነ ሕይወት ነው። ጓደኞቼ «በዲግሪው ዓሣ ይጠብሳል» እያሉ ይስቁብኛል፤ ሲርባቸው ግን የሚመጡት እኔው ዘንድ ነው። የተማርንበትን የትምህርት ክፍል እንርዳ ብለን የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ ስናቋቁምም የተሰበሰብነው እኔ ቤት ነበር። ሊቀመንበር ያደረጉኝ ለጥብሱ ብለው ይመስለኛል።

ወሬው የትምህርት ክፍሉ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጆሮ ደረሰ። ማይክሮስኮፕ አያያዝ ያስተማሩን እኚህ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከውጫሌ፣ ከቤተሰባቸው ሲመለሱ፣ ከሚኒባስ ወርደው ወደኔ ጎራ አሉ።

«ልጄ፣ ወላሂ አላህ ነው ያስነሳችሁ። ለዓሦቼ ጠርሙሶች አዲስ ክዳንና ማቆያ ፎርማሊን ብትገዙልኝ ሌላ አልሻም። ክዳኑ ላልቶ ፈሳሹ እየተነነ እየደረቁብኝ ነው» አሉኝ።

ዓሦቻቸውን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ወደ ሐይቅና ወደ አርዲቦ ይወርዱና ከአጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ተቀብለው በጠርሙስ ያስቀምጣሉ። የጀመሩት እኛ ፊደል ሳንቆጥር ነው። በየጠርሙሱ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አጥማጁ የነገራቸውን ይጽፋሉ፤ «ከደንገሉ ሥር የወጣ፣ ውኃው በጎደለ ዓመት» ብለው። ሳይንሳዊው የላቲን ስም የለውም። ተማሪ ሳለን በዚህ እንስቅ ነበር።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ይታሰብበታል» ብዬ ሸኘኋቸው።

ኮሚቴው ክዳን አልወደደም። ክዳን ፎቶ ላይ አያምርም። ስማችን የተቀረጸበት እብነ በረድ፣ አዲስ መደርደሪያና ቀለም ተመረጠ። መደርደሪያው እንዲገባ ጠርሙሶቹ መውጣት ነበረባቸው። አንዷ የኮሚቴ አባል፣ ዛሬ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናት፣ «ሳይንሳዊ ስም የሌለው ነገር ናሙና አይባልም፤ የሞተ ዓሣ ነው» አለች። ሁላችንም ተስማማን። ትምህርት ክፍሉም ስጦታው እንዳይቀርበት ፈርቶ እሺ አለ። ለሽማግሌው የመንገር ዕጣ ለኔ ደረሰኝ።

«አንድ መደርደሪያ እንኳ ብትተዉልኝ?» አሉኝ።

«ይሸታል ጋሼ። እንግዶች አሉ።»

ስጦታችን በሚመረቅበት ዕለት ጠዋት ስደርስ ከሕንፃው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረው ዓሦቹን ራሳቸው ይደፉ ነበር። ሌላ ሰው እንዲነካቸው እምቢ ብለው ነው። ወረቀቱን ያነባሉ፣ ይደፋሉ፣ ሌላውን ያነሳሉ። ሱፌ እንዳይበላሽ ብዬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ይባስ ብዬም «ጠርሙሶቹን አጥበው ይስጡን፣ ለአበባ ይሆኑናል» አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። አሁን ሳስበው ራሴን እጠየፋለሁ። እሳቸው ግን አጠቡ።

በአገራችን ያለ ሽማግሌ ምርቃት ነገር አይጀመርምና ከፊት፣ ከጎኔ አስቀመጥናቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው «የሰጣችሁትን አላህ ይተካላችሁ» ብለው መረቁን። አሚን አልን።

ከዚያ ከዩኒቨርሲቲው አመራር የመጡ ሰው ንግግር አደረጉ። «አጥማጆች የሐይቃችን ዓሣ እያነሰ ነው ይሉናል። እውነት መሆኑን የምናይበት የድሮ ናሙና ግን ማንም አላስቀመጠልንም። በእናንተ ስጦታ ከዛሬ ጀምሮ መሰብሰብ እንጀምራለን» አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኛ የብብታችንን ጉድጓድ አስቆፍረን ነበር የቀበርነው።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሽማግሌው ተነስተው ይናገሩ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እንዲናገሩ የፈለግሁ እንዳይመስላችሁ፤ እንዳይናገሩ እየጸለይኩ ነበር። ፎርማሊን የላጠውን እጃቸውን አንስተው እሳቸውም አጨበጨቡ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አጥማጆቹ እኔን ያውቁኛል። ከመጪው ክረምት በኋላ ተማሪዎቹን ይዤ ወደ ሐይቁ ልውረድ?» አሉኝ።

«ወጣት ይቀጠራል፣ ጋሼ» አልኳቸውና ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።