የጉብኝቱ ቀን መንገድ

ኛጃል በየማለዳው በአጥሯ በር ላይ ቆማ ቀኝ መዳፏን ታነሳለች። ከኢታንግ የሚመጣው የመጀመሪያው ሚኒባስ በደጇ ያልፋል። ሾፌሩ ሀያቱ መዳፏን ሲያይ አንድ ጊዜ ክላክስ ያደርግላታል፤ መንገዱ ሰላም አድሯል ማለት ነው። ነገር ካለ ግን ዳር ይዞ ይቆምና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይነግራታል። ሚኒባሱ ጨርሶ የማይመጣበት ቀንም አለ። ያን ቀን መዳፏን ሳታነሳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ተማሪዎቿም ዛሬ መምህርታችንን ማስቆጣት አይገባም ብለው ይጠቋቆማሉ።

መንገዱ የሚያሳስባት እህቷ ኛፑዎት በወዲያኛው ጫፍ ስለምትኖር ነው። መንደሩ ከኢታንግ ከተማ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ኛጃል የተወለደችው እዚያ ነው፤ መምህርት ሆና መጀመሪያ የተመደበችውም እዚያው። የመንደሩ ልጆች ፊደል የለዩት እሷ እጃቸውን ይዛ ስታስጽፋቸው ነው። በኋላ ወደ ጋምቤላ ከተማ ተዛወረች። የመንደሯ ሰዎች ግን አልለቀቋትም፤ ለክልሉ ምክር ቤት መረጧት። ስለዚህ አሁን ሁለት ሥራ አላት። ታስተምራለች፤ ጉባዔ ሲጠራ ደግሞ የጸጥታ ጉዳዮችን በሚከታተለው ኮሚቴ ውስጥ ትቀመጣለች።

እኔ እዚያው ምክር ቤት የጉባዔውን ድምፅ ቀድቼ ወደ ጽሑፍ የምገለብጥ ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ አንቱ እላት ነበር።

"ቤዚ፣ አንቱ ስትይኝ እኮ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ዞሬ ማየት ሰለቸኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ።

በመንደሩ መግቢያ ላይ አንድ የፖሊስ ኬላ አለ። ግድግዳው ብሎኬት፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። መንገዱን የሚቃኝ ፒካፕ ተገዝቶለታል፤ የፒካፑም ነዳጅ በየዓመቱ ምክር ቤቱ ውስጥ እጅ እየወጣ ይጸድቃል። ፒካፑ ግን የሚውለው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ባለሥልጣን ሲያመላልስ ነው። ኬላው ተቆልፎ ይከርማል፤ በረንዳው ላይ ፍየሎች ይተኛሉ። ባለፈው ዓመት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ታጣቂዎች ሁለት መንገደኞች ገደሉ። ከዚያ በኋላ ሰዉ መንገዱን ተወው። ወንዶቹ ሲጨንቃቸው በጫካ እያቆራረጡ ኢታንግ ይገባሉ። ሴቶችና ልጆች ግን መንደራቸው ውስጥ ቀሩ።

ኛጃል ይህን ጠየቀች። በእኛ ምክር ቤት አሠራር አባል ተነሥቶ ያሻውን አይጠይቅም። ጥያቄውን ቀደም ብሎ ያስገባል፤ ጽሕፈት ቤቱ የሚመሳሰሉትን ጨምቆ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ ይነበባሉ። እሷ ያስገባችው "የኬላው በር ለምን ተቆለፈ? የቅኝቱ መኪና የት ነው?" የሚል ነበር። ጉባዔው ላይ የተነበበው ደግሞ "በአንዳንድ አካባቢዎች የጸጥታ መዋቅሩን ከማጠናከር አንጻር ምን እየተሠራ ይገኛል?" የሚል ሆኖ ወጣ። በሩም የለ፣ መኪናውም የለ። የጸጥታውን በጀት የያዘው መሥሪያ ቤት ኃላፊ "በርካታ ሥራዎች እየተሠሩ ነው" ብለው መለሱ። ዩኒቨርሲቲ ግጥም ስማር ቃል ጨምቆ ፍሬውን ማውጣት ነው የተባልኩት። ጨምቆ ፍሬውን መጣል ያየሁት እዚህ ነው።

ኛጃል አልተወችም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሻይ ቤት ሲገቡ ተከትላ ትገባለች፣ መኪና ሲጠብቁ አጠገባቸው ትቆማለች። "ሄደን እንየው። በዓይናችሁ ካያችሁ ሌላ አልጠይቅም" ትላለች። በመጨረሻ ሰብሳቢው እሺ አሉ፤ ጉብኝቱ ለሰኔ መጀመሪያ ተያዘ።

ለሰኔ መሆኑ ደስ አሰኛት። ከመንደሩ ስምንተኛ ክፍል የደረሱ አራት ሴት ልጆች ነበሩ፤ አንዷ የእህቷ የኛፑዎት ልጅ ኛዊዩዋል ናት። ክልላዊ ፈተናው የሚሰጠው ኢታንግ ሲሆን ወሩም ያው ሰኔ ነው። ቀድመው ኢታንግ ገብተው ዘመድ ቤት ካልተቀመጡ አይፈተኑም። በዚያ መንደር ፈተና ያመለጣት ሴት ልጅ ለከርሞ ትደግማለች ብሎ የሚጠብቅ የለም። ትዳራለች። የአንዳንዶቹ ጥሎሽ ከብት ከወዲሁ ተነጋግሮ አልቋል። ስለዚህ ኛጃል ያሰበችው እንዲህ ነበር፤ ኮሚቴው የተቆለፈውን በር ያያል፣ ይቆጣል፣ ፖሊሶቹ ይመለሳሉ፣ ልጆቹ ይሄዳሉ።

ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። የምክር ቤት ኮሚቴ ያለ አጀብ ከከተማ አይወጣም። አጀብ የሚጠየቀው ደግሞ ያንኑ የሚጎበኘውን መሥሪያ ቤት ነው።

የጉዞው ዕለት ማለዳ ምክር ቤቱ ግቢ ውስጥ ፒካፑ ታጥቦ፣ ፖሊስ ተጭኖበት ቆሞ አገኘችው።

"ታደሰ!" አለች፤ ታደሰ የጉዞው አስተባባሪ ነው። "ይሄ እኮ የምንፈልገው መኪና ነው!"

"አገኘሽው አይደል? ጥያቄሽ እዚሁ ተመለሰ። በይ ግቢ፣ ፀሐይ ሳይበረታ" አለና ሳቀ።

ኢታንግን እንዳለፉ መንገዱ ላይ ፖሊሶች በየርቀቱ ቆመው ነበር፤ ከዋዜማው ጀምሮ ነው የተሰማሩት። ሰዉ ይህን አየ። ቅኝቱ ተመለሰ ብሎ አመነ። ማን ይፈርድበታል? ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲቆም ለመንገዱ የቆመ አይመስልም እንዴ? ሴቶች ዓሣቸውን በሳፋ ተሸክመው ወጡ። አንድ ሽማግሌ ወይፈኑን እየጎተተ ገበያ ሊሄድ ተነሣ። ከገበያ ከተለያየች ዓመት የሞላት ሴት ሁሉ ምንጣፏን ጠቅልላ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ መንገድ ጀመረች።

ሰብሳቢው ከፊት ወንበር ዞር አሉ። "ምነው መምህርት፣ ሰው የለበትም ያልሽን መንገድ ይሄ ነው? ሰርገኛ እኮ ነው የሚመስለው።"

"እናንተን አይተው ነው የወጡት።"

"እኛ ይሄን ያህል እናምራለን?" አሉ ሰብሳቢው። መኪናው በሳቅ ሞላ።

መንደሩ ሲደርሱ ኬላው ተከፍቷል። ወለሉ ተጠርጓል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ፍየሎቹ ተባረዋል። ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ፖሊስ ኮሚቴው ሲገባ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠ። ኮሚቴው ፎቶ ተነሣ።

ኛፑዎት እህቷን አቅፋ አየቻትና "ወፍረሻል። ወንበሩ ተስማምቶሻል" አለቻት። የተሰበሰቡት ሴቶች ሳቁ።

"ልጆቹ የታሉ? ዝግጁ ናቸው?" አለች ኛጃል።

"ምን አስቸኮለሽ? ልብሳቸው ታጥቦ ገና አልደረቀም። ነገ ይሄዳሉ፣ ካልሆነ ከነገ ወዲያ። መንገዱ እንደሆነ ተከፍቷል፤ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ይዘሽልን የመጣሽው?" ኛፑዎት ይህን ያለችው በኩራት ነው፤ ጎረቤቶቿ እየሰሙ።

ኛጃል የአጀቡን አዛዥ ፈልጋ አገኘችው። ፖሊሶቹ እዚህ ያድሩ እንደሆነ ጠየቀችው።

"ትዕዛዛችን ከእናንተ ጋር መጥቶ ከእናንተ ጋር መመለስ ነው" አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጫማው ሥር ያለውን ጭቃ እያየ ነው የነገራት።

ከምሳ በኋላ ባንዲራው ወረደ። ጠረጴዛ ኋላ የነበረው ፖሊስ ሰማያዊውን በር ቆለፈና ፒካፑ ላይ ወጣ። መንደሩ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። መንገድ ላይ የነበሩት ሴቶችም ተሽቀዳድመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ኮሚቴው ያቀረበው ሪፖርት ግን እንዲህ ይላል፤ "ኬላው ለሕብረተሰቡ አገልግሎት እየሰጠ መሆኑን፣ ሕዝቡም በነጻነት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን በአካል ተገኝተን አረጋግጠናል።" በአካል ተገኝተን! መገኘታቸው እኮ ነው መንገዱን ለአንድ ቀን የከፈተው። ኛጃል በሪፖርቱ አልስማማም ብላ ተከራከረች። ሪፖርት የኮሚቴ እንጂ የግለሰብ አይደለም አሏት። ከዓመቱ የቅኝት ነዳጅ ወደዚያ መንገድ የደረሰው ያው ኮሚቴውን ያጀበው ብቻ ነበር። ሕዝብ እንዲጠበቅ የተመደበ ነዳጅ፣ ሕዝቡ ተጠብቆ እንደሆነ ሊያዩ የሄዱትን ሲጠብቅ አለቀ፤ የሄዱትም ተመልሰው ተጠብቋል አሉ።

የፈተናው ቀን ከአራቱ ልጆች ሦስቱ አልነበሩም።

የአዲሱ ዓመት በጀት ለጉባዔው ቀረበ። ውይይቱ ሊዘጋ ሲል ኛጃል ተራ ሳይሰጣት ማይክሮፎኗን ከፈተች። ድምፁን ደጋግሜ ስለሰማሁት አልረሳውም።

"የተከበሩ አፈ ጉባዔ፣ ያየነው ኬላ የተከፈተው ለእኛ ነው። መንገዱ ላይ ያየነው ሰው እኛ ስንመለስ ተመልሶ ቤቱ ገባ። ሦስት ልጆች ፈተና ቀረባቸው። ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አሁን ደግሞ የከርሞውን ቅኝት አጽድቁ ትሉናላችሁ። ለስንት ቀን ነው የምናጸድቀው? ለአንድ ቀን? እኛ የምንሄድባት ቀን እንደሆነች ንገሩንና በየሳምንቱ ጉብኝት ይያዝልን ብለን እንለምን!"

ጆሮ ማዳመጫዬን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። አሁን ይመልሷታል፣ አሁን የሚያመልጡበት የለም አልኩ።

ኃላፊው ፈገግ ብለው ተነሡ። "የተከበሩት አባል የአካባቢው ተወላጅ ስለሆኑ ስሜታቸውን እረዳለሁ። መረጃው ግን ሌላ ነው የሚያሳየን። ከዚያው መንደር አንዲት ሴት ተማሪ ኢታንግ ድረስ መጥታ ተፈትናለች። አዳጊ ሴት ልጅ በሰላም የመጣችበትን መንገድ ዝግ ነው ማለት ለእኔ ይከብደኛል። ሌሎቹ በቤተሰብ ጉዳይ ቀርተው ይሆናል።"

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው "ልክ ነው" አለ። ጥቂቶች አጨበጨቡ።

"የተከበሩ አባል፣ ተጨማሪ ሐሳብ አለዎት?" አሉ አፈ ጉባዔው።

ቀረጻው ላይ የኛጃል ትንፋሽ ይሰማል። ማይክሮፎኗ ክፍት ነው። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ዘጋችው። በጀቱ ጸደቀ። እኔ "ዝም አሉ" ብዬ የጻፍኩትን አለቃዬ ሰርዞ "ጠያቂዋ በተሰጠው መልስ ረክተዋል" አደረገው። ጠያቂ ካልቀጠለ በእኛ ቤት ረክቷል ማለት ነው።

በንዴት ቤቷ ድረስ ሄድኩ። እኔ ሰው ቤት ሳልጠራ የምሄድ አይደለሁም። ግቢዋ ውስጥ ያለው ኒም ዛፍ ሥር የተማሪ ደብተር ስታርም አገኘኋት።

"ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። "አንዲት ልጅ መጣች ብለው መንገዱን ከፈቱት እኮ! አንድ ቃል ብትመልሺ አይበቃም ነበር?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ነገረችኝ። ነግራኝ ስትጨርስም፣

"ሌላውን ሁሉ ጻፊው። ስሜንም ጻፊው፣ አልፈራም። ይሄን ግን ተይልኝ። ኛቢየል አንድ ቀን ታነበዋለች። ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ" አለችኝ። ኛቢየል ከቀሩት ሦስት ልጆች አንዷ ናት።

ኋላ ረቂቁን ሳነብላት እዚህ ስደርስ አልከለከለችኝም፤ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች እንጂ። እኔም ሳልጽፈው ብቀር የሚደሰቱት እነማን እንደሆኑ ስለማውቅ ጻፍኩት።

ያን ዕለት ኬላው ሲቆለፍ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ መኪኖቹ ሮጡ። አራቱም እርጥብ ዩኒፎርማቸውን በፌስታል ይዘው ነበር። ሰብሳቢው የመንግሥት መኪና ተሳፋሪ አይጭንም አሉ። አዛዡም በፒካፑ ላይ ሲቪል አይወጣም አለ። እናቶቹ አልሄድ ሲሉ ታደሰ በሩን በትንሹ ከፈተና፣

"አንድ ሰው ብትሆን ከኋላ ትጣበባለች። አንድ ብቻ። ቶሎ በይ መምህርት፣ የትኛዋ ናት?" አለ።

እናቶቹ ኛጃልን አዩ። የእህቷም ዓይን እሷ ላይ ነበር። ኛቢየል ቀረብ ብላ ቆማለች፤ ከአራቱ በትምህርቷ የምትበልጠው እሷ መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ ኛጃልም።

ኛጃል የእህቷን ልጅ ስም ጠራች።