ሞላን ሳልይዝ ወደ ቆቦ

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ደሴ

ጡረታ ስንወጣ ቆቦ እንድንኖር የወሰነው ባለቤቴ ሞላ ነው። የትውልድ አገሩ ናት። እህቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት አሠርቶ፣ ቆርቆሮውን አልብሶ፣ «ቆላ ወርደን አጥንታችንን እናሞቃለን» ይለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ሞተ። ልጅ አልወለድንም። አዲስ አበባ የተከራየነው ቤት ባለቤት በመስከረም ልቀቂ ሲለኝ፣ በዚህ ምድር ላይ መግቢያዬ ያ የቆቦ ቤት ብቻ ሆነ። በጥቅምት አንድ ማለዳ ሁለት ሻንጣና አንድ ፍራሽ አስጭኜ ተነሳሁ። እስከ አውቶቡሱ በር የሸኘኝ ወያላው ነው፤ እሱም «እማማ፣ ለፍራሹ ሃያ ብር ይጨምሩ» ለማለት።

ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንጠማዘዝ ከጎኔ የተቀመጠችውን ልጅ ያስመልሳት ጀመር። ሎሚ ሰጠኋት፤ እያሸተተች ተኛች። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ከዚያ ወዲያ ጎኔ ባዶ ሆነ። ከሚሴ ለምሳ ቆምን። ጥብስ ሳዝዝ አስተናጋጁ «ለስንት ሰው?» አለኝ። «ለአንድ» አልኩት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚባለው ለስስታም ነው እንጂ እንደኔ ላለችው አይመስለኝም፤ ቢሆንም ግማሹን ትቼው ተነሳሁ። ደሴ በሰማንያ ብር አልጋ ይዤ አደርኩ። ብርዱ የአዲስ አበባን ያስመሰግናል።

ወደ ቆላው

በማግስቱ ሐይቅንና ውጫሌን አልፈን መርሳ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። በየመስኮቱ ፓፓያና ብርቱካን ይዘረጋል። ወልድያ ላይ አውቶቡሱን ትቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ጎብዬ ገበያዋ ነበርና ሾፌሩ በፍየልና በግመል መሀል ጥሩምባውን እየነፋ ቀስ ብሎ አለፈ። ከዚያ ሜዳው ተዘረጋ። ግራና ቀኝ ማሽላ፣ በየማሳው ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ። ሞላ ስለዚህ ሜዳ ሲያወራ «አጋነንከው» እለው ነበር። አላጋነነም። ይህንኑ ልነግረው ዞር ስል ከጎኔ የማላውቀው ሰው እንቅልፉን ይለጥጣል።

ቆቦ ሳይደረስ ባለችው በሌላዋ ሮቢት ላይ ምስጋናው ይጠብቀኝ ነበር። የሞላ እህት የእት ወርቄ ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ሞላ የሞተ ዕለት ደውዬ የነገርኩት እሱን ነው። አቀፈኝና ጥቁር ልብሴን አየ።

«እትየ፣ ይሄን ጥቁር አውልቂው።»

«ለምን ሲባል?»

«እናቴ አልሰማችም። ያኔ ስትደውይ በጠና ታማ ነበር፤ ብንነግራት ትሞትብናለች ብለን ያዝነው። ስትድን ደሞ ሽማግሌዎቹ ሚስቱ ሳትኖር መርዶ አይነገርም አሉ። ነገ በማለዳ ያረዷታል። እስከዛው አጎቴ እቃ አስጭኖ ከኋላ ይመጣል ብለናታል።»

ተናደድኩ። ሦስት ወር ያለቀስኩለትን ሰው ዛሬ በሕይወት አለ ልበል? ወጉን ግን አውቀዋለሁ። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል እንጂ ባለሀዘኗ ከመኪና ወርዳ አትዘረግፈውም። አንድ ሻይ ቤት ጓዳ ገብቼ ባለ አበባ ቀሚስ ለበስኩ። በመስታወቱ ውስጥ ራሴን ሳይ አፈርኩ።

ቆቦ

እት ወርቄ ከበራፉ ላይ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ጥምዝዝ ያለች ቀጭን አሮጊት ናት፤ አፍንጫዋ የሞላ ነው።

«እሰይ! እሰይ እቴዋ! ምነዋ ብቻሽን? ሞላስ?»

«እቃው ዘግይቶበት ነው። ይመጣል።»

ሁለቱን ክፍል በኖራ አስቀብታዋለች። አልጋው ለሁለት ሰው ተነጥፏል። የተጠበሰ እሸት ማሽላ በሰፌድ አቀረበችልኝና ሁለት ዘለላ ለይታ አስቀመጠች። «ይሄ የሱ ነው። እሸት ሲያይ ልጅ ነው የሚሆን።» ቀና ብላ አየችኝ። «ከስተሻል። አያበላሽም እንዴ ያ ሰውየ? ይምጣ ብቻ፣ እኔ አለሁለት!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ቀን ይልቅ በዚያ ምሽት ብቸኛ ነበርኩ። ነገ እውነቱን ስትሰማ፣ ፊቷ ላይ እየሳቀች የዋሸቻትን ሴት ከግቢዋ ብታስወጣት ማን ይፈርድባታል? እኔስ ወዴት እሄዳለሁ? እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ገና ሳይነጋጋ መጡ። ከፊት አያ ይመር የሚባሉት ሽማግሌ፣ ቀጥሎ የንስሐ አባቷ፣ ከኋላ ሰው ሲሞት የሚቀብርና የሚያስተዛዝን የሰፈሩ ቅሬ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ ስታይ እት ወርቄ ብድግ አለች።

«አብሽሪ ወርቄ» አሏት አያ ይመር። «ሞላ አርፏል።»

ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ ይዘዋት ነበር፤ አስለቅቃ ወደ እኔ መጣች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መቼ ነው?»

«ሐምሌ።»

«እስተዛሬ ከማን ጋር አለቀስሽ?»

«ከማንም።»

«ብቻሽን? እኔ እህቱ በሕይወት እያለሁ፣ ብቻሽን?» አንገቴን አቅፋ አብራኝ መሬት ተቀመጠች። ስሙን እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች፣ እኔ እቀበላታለሁ። አዲስ አበባ ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ከሄደ ወዲህ፣ ስሙን ጮክ ብዬ የጠራሁት ያን ጊዜ ነው።

ጡረታ ማለት ሙቅ አገርና ርካሽ ቤት ይመስለኝ ነበር። የሁለት ቀን መንገድ የመጣሁት ግን የእኔን ሰው ከሚያውቀው ሰው ጋር ለማርጀት ኖሯል። ይህን ሞላ ሳያውቀው አይቀርም፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት።

ረፋዱ ላይ ከሮቢትና ከጎብዬ ለቀስተኛ ይጎርፍ ጀመር። እኔ ከዳር፣ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜአለሁ። አንዲት ሴት ወደ እኔ እያየች «ይች እንግዳ ማናት?» አለች።

የእት ወርቄ ድምፅ በለቅሶ ተዘግቷል። «ምን እንግዳ አለ?» አለች። «ባለሀዘኗ ናት። ቦታ ልቀቁላት።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። መሀላቸው ገብቼ ተቀመጥኩ።