የጸዳለ ዘጠኝ ቀን

መቼም ጸዳለ ስለ ሥራዋ ስታወራ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ የገባው የለም። ባሕር ማዶ፣ አርችዌይ በሚባል ሰፈር ካለው ፍላቷ እየተነሣች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተመላለሰችው ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ነው። እዚያ ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ፣ ከየትኛውም ክረምት በላይ አቀዝቅዛ፣ ያለ ምንም ፍትጊያ የሚፈስ ፈሳሽ ታደርገዋለች። ሳይንቲስቶቹ ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ «የጊዜ ክሪስታል» ይሠራሉ፤ ማንም ሳይገፋው በራሱ ምት የሚመላለስ ነገር ነው። ኮቴ እንኳ ጠንከር ካለ ፈሳሹ ይሞቅና ክሪስታሉ ይጠፋል።

ባለፈው ጥር ሁለት ክሪስታሎችን ሊያገናኙ ተነሡ። ሥራው ዘጠኝ ቀን ይፈጃል፤ የማቀዝቀዣ ማሽኑን የምትጠብቀው ደግሞ እሷ ናት። በዚያው ሰሞን ደሴ ያለው ወንድሟ ሕዝቅያስ ታመመ። እናት አባቷ ካለፉ ወዲህ ከእሱ በቀር የሥጋ ዘመድ የላትም። ትሂድ ወይስ ትቅር? ልቧ ተሰቀለ።

የሕዝቅያስ ሚስት የጸዳለ ጎረቤት የሆነችው የፍቅርተማርያም የአክስት ልጅ ናት፤ ሐኪሞቹ ተስፋ መቁረጣቸውን የነገረችው ለፍቅርተማርያም ነው። ግን የእኛ ሰው ክፉ ወሬ ፊት ለፊት ይናገራል እንዴ! ፍቅርተማርያም ጸዳለን ትንሽ ጉንፋን ነው፣ ተሽሎታል አለቻት። ራሷ ስትደውልም ሚስቱ ተኝቷል ትላታለች። ጸዳለም አመነቻቸውና ቀረች።

በዘጠነኛው ቀን ክሪስታሎቹ ተነካኩ። ከአንዱ የጎደለው በሌላው ሲሞላ፣ ተመልሶም ሲጎድል፣ በስክሪኑ ላይ አየች። ፕሮፌሰሩ እጇን ይዞ አመሰገናት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይህንንስ ለሕዝቅያስ ነው የምነግረው እያለች፣ ኬክ ገዝታ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ማለዳ በሯ ተንኳኳ። ፍቅርተማርያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች፤ ከኋላዋ የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች ናቸው። ሳይነግሯት ገባት። ሕዝቅያስ ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነበር።

ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ለምን እንደደበቀቻት ፍቅርተማርያምን ጠየቀቻት።

«ያን ያህል የለፋሽበት ሥራ እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

ጸዳለ ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ለማሽኑ ሌላ ሰው ይገኝለት ነበር። ሕዝቅያስ ግን ከእኔ ሌላ እህት አልነበረውም።»

ፍቅርተማርያም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጸዳለ አላባበለቻትም።