የገንዳው ባህርና የኮሶዬ ጠበል

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጽዳት ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ባልዲና መወልወያ ሰጡኝና ጥግ ላይ ያለችውን ክብ ገንዳ አሳዩኝ። «ይቺን ብቻ እንዳትነኪ፤ ባህር ናት» አሉኝ። ሳቅሁ። አምባ ጊዮርጊስ ተወልጄ ባህር የት አውቄ!

እያደር ገንዳዋን መሙላት የእኔ ሥራ ሆነ። በጎማ እሞላታለሁ፤ ውሃው እዚያው ክፍል ያድራል። ጠዋት ዶክተር አብነት፣ ከልጄ ብዙም የማይበልጠው መምህር፣ ሞተሩን ያስነሳና ገንዳዋ ቀስ ብላ ትዞራለች። ውሃው አብሯት እኩል እስኪዞር ማንም እጁን አይከትም። ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ይደረጋል።

ከገንዳዋ ዳር ዘንበል ያለ ፕላስቲክ ተገጥሟል። «እትዬ ብርቄ፣ ባህርም እንደ ቤትዎ መደብ አለው» ይለኛል ዶክተር። «የብሱ ውሃ ስር ገብቶ ጥቂት ይሄዳል፤ ከዚያ ገደል ነው። ጅረቱ መደብ መደቡን ይፈስሳል። አዙሪት ከጥልቁ መጥቶ የመደቡን ጫፍ ሲነካ ግን ጅረቱን ያጣምመዋል። የዳሩን ውሃ ወደ ጥልቁ ይጎትታል፣ የጥልቁን ወደ ዳር ያወጣል።»

ቀለሙ ሲጠቀለል መወልወያዬን ይዤ እፈዝ ነበር። የአገሬ የወገራ ጉም ገደል አፍ ላይ ሲዞር ልክ እንዲህ ነው።

ልጄ ባሕር ዳር የመርከብ ሞተር ሥራ ተምሮ መርከብ ሲመደብለት፣ ያ ሲያፈዘኝ የነበረ አዙሪት ፍርሃት ሆነብኝ። «እማ፣ መርቂኝና ልሂድ» ይለኛል። «ምነው ልጄ፣ የብሱ ጠበበህ?» እለዋለሁ። ሳልመርቀው አይሄድ፤ የኔም አፍ አልፈታ አለ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከኮሶዬ ያስመጣሁትን ጠበል በጀሪካን ይዤ ሥራ ገባሁ። ገንዳዋ ትዞራለች፤ ዶክተር መደቡ ላይ ቁራጭ ወረቀት ጥሎ ቀለም ሊያመጣ ወጣ ብሏል። ልጄ የሚሄድበት ባህር ይባረክ ብዬ ጠበሉን ገለበጥሁት።

ደጅ ያደረ ጠበል እንደ በረዶ ነው፤ ወደ ታች ሰመጠ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው አዙሪት በአዙሪት ሆነ። ዳር ዳሩን ስትሄድ የነበረችውን ወረቀት አንዱ ጠልፎ ወደ ጥልቁ ወሰዳት።

«ልጄን!» ብዬ ጮህሁ።

ዶክተር ሮጦ መጣ። ጀሪካኑን ዳሰሰ። «ምን ጨመሩበት እትዬ?»

ነገርሁት። ይቆጣል ስል ሳቀ። «ቀዝቃዛ ውሃ እኮ ይሰምጣል፤ አዙሪቱን አበዙት!»

«አትሳቅብኝ፤ ልጄ ነገ ሊሄድ ነው። እንዲህ ቢወስደውስ?»

«ይቺ ወረቀት ናት፤ ሞተር የላትም። መርከብ ግን ጅረቱ ሲያጣምመው በሞተሩ እየገፋ ይቃናል።»

«ሞተሩ ቢቆምስ?»

«የሚያስነሳው ማን ሆነና? ልጅዎ የተማረው ምን ነበር?»

ገንዳዋን አየሁ። ወረቀቷ መሀል ላይ ብቻዋን ትዞራለች፤ የሚያስነሳላት የለም።

ቤት ስገባ ልጄን «ና ጎንበስ በል» አልሁት። ጉልበቴን ሳመ። «ሞተርህ አይጥፋ፤ ከመደቡ አያርቅህ» ብዬ መረቅሁት።

«እማ፣ ዳር ላይማ ውሃው ትንሽ ነው፤ የመርከቡ ሆድ መሬት ይነካል። ለኛ ጥልቁ ይሻላል» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ከጥልቁ አያርቅህ» አልሁ።

ዛሬም ሲደውል እፈራለሁ፣ ሳይደውልም እፈራለሁ። ገንዳዋን ግን እሞላለሁ። አዲስ ለምትገቡ ይህን እላችኋለሁ፤ ውሃው ክፍሉ ውስጥ ይደር። ገንዳዋ መዞር ከጀመረች ምንም አይጨመርባትም፤ ጠበልም ቢሆን።