የበርኖሱ ጠባቂዎች

ባለፈው ሐሙስ ከዙሁር ሶላት ስነሳ ክፍሌ ፍሊት ፍሊት ሸተተኝ። የልጅ ልጄ የተባይ መድኃኒቱን ጣሳ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። "እማማ፣ ለመውሊድ እንግዳ ይመጣል ብዬ ጥግሽን አጸዳሁልሽ" አለችኝ። ቀና ስል ከመስኮቱ በላይ የነበረው ድር የለም፤ ሸረሪቷም እግሮቿን ሰብስባ ምንጣፉ ላይ ወድቃለች። ልጅቷ የምትጠብቀው ምርቃት ነበር። ይህንኑ ነገር፣ ለዚሁ በዓል፣ በዘጠኝ ዓመቴ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የምንኖረው ከአራዳ ገበያ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ በአንድ ፊታውራሪ ግቢ ዳርቻ በተሠራች ጭቃ ቤት ነበር። አባቴ ይመር ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ቤቷ የፊታውራሪው ናት፤ እኛ የተቀመጥንባት አባቴ ልብሳቸውን ስለሚሰፋና ስለሚጠብቅ ብቻ ነው። ከክረምቱ በፊት ወደ አገራቸው ሲወርዱ የክት በርኖሳቸውን እሱ ዘንድ ይተዉና ለመስቀል ተመልሰው ይለብሱታል። ጥቁር ሱፍ፣ አንገቱ ዙሪያ የወርቅ ክር ያለበት። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ቤታችን የሚሸተኝ ሱፍና አባቴ ክሩን የሚያሽበት ሰም ነው።

ሱፍን ደግሞ ብል ይወደዋል። ሳጥን ውስጥ ቢቆለፍ በክረምት ይሻግታል። ስለዚህ አባቴ በርኖሱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በስስ ነጠላ ይሸፍነውና ጥበቃውን ለሸረሪቶች ይሰጣል። ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ እየተመላለሰ በቅል ያመጣቸዋል፤ አንዷን በማገሩ፣ አንዷን በበሩ ጉበን፣ አንዷን ከበርኖሱ በላይ ያሳድራል። በቤታችን መጥረጊያ ከሰው ቁመት በላይ አይወጣም። ሸረሪት ነቢያችን ከጠላት ሲሸሸጉ በዋሻው ደጃፍ ድሯን አድርታ የጋረደቻቸው ፍጥረት ናትና አትነካም ይላል። "ደግሞስ ይሄ ብል የሚሉት ሌባ በክንፍ ነው የሚገባው፤ በክንፍ የሚመጣን ማን ዘበኛ ይይዝልኛል?" እያለ ይስቃል።

የሰፈሩ ልጆች ግን ቤታችንን "የሸረሪት ግቢ" አሉት። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ተራዬ ሲደርስ ድሯ እንዳይነካን እያሉ ይሸሹኛል። ተቆጥቼ ጠጠሩን ወርውሬ ስገባ፣ የምናደደው በእነሱ ሳይሆን በጣሪያችን ነበር።

በዚያ ዓመት እናቱ ታማበት አባቴ "ሸረሪቶቹን ጠብቂ" ብሎኝ ወደ ወሎ ሄደ። ዝናቡ ቀድሞ ጣለና ወንዞች ሞልተው እዚያው ከረመ። መውሊድ የዋለው በክረምቱ መግቢያ ነው። እናቴ ለእንግዶቹ የሚሆን ልትገዛ ገበያ ስትወጣ፣ መጥረጊያውን ሸንበቆ ላይ አስሬ ጣሪያውን ጠረግኩት። ከማገር ማገር አንዲት ሸረሪት አላስቀረሁም። እናቴ ገብታ ቀና ስትል ቅርጫቱ ከእጇ ወደቀ። "ምን አደረግሽ ልጄ?" አለች፤ እንግዶቹ ግን ደጃፉ ላይ ደርሰው ነበር። ሁሉም ስለ ቤቱ ጽዳት መረቁኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ነሐሴ ላይ እናቴ ነጠላውን ስትገልጥ ገርጣ ያሉ ትንንሽ ቢራቢሮዎች ፊቷ ላይ ተነሱ። በርኖሱን ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ወጣች፤ በቀዳዳዎቹ ዝናቡ ይታያል። መሬት ላይ ተቀመጠች። "ቤታችን ሄደ" አለች፣ ሳታለቅስ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ መጥተው ፀሐይ ላይ አስጡት አሉ። በነሐሴ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ሁለቱ ሴቶች ተጎንብሰው የብሉን ትል በጣታቸው ይለቅማሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ያገኛሉ።

እኔ ቅሉን አንስቼ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። እየዘነበብኝ፣ እሾህ እየቧጨረኝ፣ አሥራ ሁለት ሸረሪት ያዝኩ። ሁሉንም በአንድ ቅል ከተትኳቸው። ቤት ደርሼ ስከፍተው አንዲት የጠገበች ሸረሪትና የሌሎቹ እግሮች ብቻ ናቸው ያሉት። እርስ በርሳቸው ተበላልተው! ያን ጊዜ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። የቀረችውን ከበርኖሱ በላይ ለቀቅኳት፤ ወዲያው ድሯን ጀመረች። ግን ምን ዋጋ አለው? እሷ የምትይዘው የሚበረውን ነው፤ ሱፉ ውስጥ የተኛውን ትል አትነካውም። ሌሊት ሌሊት ሲበላ የምሰማው ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መስቀል ሳምንት ሲቀረው ደረሰ፤ እግሩ አብጧል፣ እናቱን ቀብሯል። በርኖሱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ። "እኔ ነኝ" አልኩት። የራሱን በርኖስ አውርዶ ክሩን ይተረትር ጀመር። አራት ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ በራሱ ልብስ ክር የጌታውን በርኖስ ቀዳዳ ጠቀመ። ዓይኑ ደም መሰለ።

ፊታውራሪው ለመስቀል ሲመለሱ በርኖሱን ወደ መስኮት ይዘው አዩት። አባቴ እጅ ነሥቶ "ጌታዬ፣ ቤቱን ጥዬ የሄድኩ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። የእኔን ስም አላነሳም። ከደመራው ማግስት አሽከራቸው መጥቶ፣ ቤቱን በሳምንት እንድንለቅ መታዘዛችንን ነገረን።

ዕቃችን ተጭኖ ካለቀ በኋላ አባቴ ወደ ባዶው ቤት ተመለሰ። ሲወጣ ቅሉን ይዟል። ያቺን እኔ ያመጣኋትን ሸረሪት ነው ከማገሩ ያወረዳት። ቅሉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝና "አንድ ቅል ለአንዷ ብቻ ነው፤ አብረው አይኖሩም" አለኝ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ጨመረ፦ "ጠብቂ አልኩሽ እንጂ፣ ለምን እንደሆነ ቁጭ አድርጌ አላስተማርኩሽም።"

ይኸው እኔም ለዚህች ልጅ አላስተማርኳትም። የሱፍ ሻሌ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ ስንት ዓመት ሲኖር አንዲት ቀዳዳ ያልወጣበት ለምን እንደሆነ ነግሬያት አላውቅም። መረቅኳት፤ ምን ላድርግ። ከዚያ "ባዶ ብርጭቆ አምጪና ጓሮ እንውረድ" አልኳት። ተከትላኝ ወረደች። ጓሯችን ሲሚንቶ ነው፣ አጥሩ ብሎኬት ነው፤ አባቴ ቅሉን ይዞ ይወርድበት የነበረውን ዓይነት ቁጥቋጦ ከየት አመጣለሁ? እስከ አሱር ሶላት ድረስ በየስንጥቁ አጎንብሰን ሸረሪት ፈለግን። እየፈለግን የነገርኳትን ታሪክ ሰምታ ስትጨርስ፣ ፍሊቱን የነፋችበትን እጇን ደጋግማ ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ብርጭቆውን ባዶውን ነው ይዘነው የተመለስነው።