ከግድግዳው ላይ የወረደው ገመድ

ሰፈሩ «ኦርጅናል» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና ሚስቱ ናቸው፤ ሚስቱም አንዳንዴ ተሳስታ ኦርጅናል ብላ ትጠራዋለች። ስሙን ያተረፈው በገዛ አፉ ነው። የድምፅ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ገብተህ «ይሄ የማይክ ገመድ እውነተኛ ነው?» ብለህ ስትጠይቀው ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ «ኦርጅናል ነው፣ ንካው» ይልሃል።

ነገሩ ያለው መንካቱ ላይ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ጥቁር ገመድ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። እሱ እውነተኛ ነው። አውርዶ መዳፍህ ላይ ያሳርፍልሃል። ይለሰልሳል፣ ይከብዳል፣ የመሰኪያው ብረት ይቀዘቅዛል። ልብህ እሺ ይላል። ከዚያ መልሶ ይሰቅለውና ጎንበስ ብሎ ባንኮኒው ሥር ካለው ጆንያ አንዱን መዞ በላስቲክ ይጠቀልልልሃል። ስሙ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው፣ የታተመችው ምልክት ሳትቀር ያው። ውስጡን ግን ቅደደው። በእውነተኛው ውስጥ ሽቦዎቹን ዙሪያውን ያቀፈ የመዳብ መረብ አለ፤ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን የማይፈለግ ድምፅ ሁሉ ውጭ የሚያስቀር እሱ ነው። በጆንያው ገመድ ውስጥ ያለው ጸጉር የሚያካክሉ ሁለት ሽቦዎችና ብዙ ጎማ ነው። ጎማው የበዛው እንዲከብድ ነው። ክብደቱንም አስመስለውታል እንግዲህ።

ገዢው የተታለለ የዋህ አይምሰላችሁ። ዋናው ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል፤ የተጠየቀውንም ይሰማል፤ በመሃል ያለውን ገደል ዓይኑን ጨፍኖ ይዘለዋል። «ኦርጅናል ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ለማወቅ ሳይሆን በኋላ «ኦርጅናል ነው ብሎኝ ነው» ለማለት ነው። ሻጩ ውሸቱን ይሸጥለታል፣ እሱም ውሸቱን ይገዛል፣ ገመዱ ምርቃት ነው። «ታዲያ ድሃ ምን ያድርግ?» የሚል ይነሳል፤ ሁሌም ይነሳል። ድሃ ርካሽ ገመድ ያስፈልገዋል፣ ልክ ነው። እንግዲያው ርካሽ ተብሎ፣ በራሱ ስም፣ አቅሙ ተነግሮለት ይሸጥለት። የሰው ስም ለብሶ ለምን ይመጣል? ትልቁ ፋብሪካ ለአንድ ስም የወርቅ ዋጋ መጠየቁ ሌላ ዓይነት ዝርፊያ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን እሰድበዋለሁ። የአንዱ ዝርፊያ ግን የሌላውን አያጥበውም።

ይህን ሁሉ ለኦርጅናል ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። «አንተ ደግሞ ገመድ ላይ ቆመህ ትሰብካለህ» ብሎ ሳቀብኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እኔንም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ልጅ ሆኖ ያደገበት ቤት አሁንም እናቱ ያሉበት ነው፤ ግቢውን ዙሪያውን ከከበቡት ባለ ፎቅ ቤቶች በአንዱ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ። ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቱ በረንዳው ላይ ወጥተው ይጣሩ ነበር። «ድን-ቡ-ሼ... ና ግባ... መሸ...» ድንቡሼ እሱ ነው፤ ያኔ ድቡልቡል ያለ ልጅ ነበር፣ አሁን ጉንጩ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። ድምፃቸው ከበረንዳው ወርዶ በተሰጡት ልብሶች መሃል ይሽሎከለካል፣ ደረጃው ሥር ይገባል፣ የውሃ ታንከሩን ዞሮ ልጁን ከተደበቀበት ያወጣዋል። ኦርጅናል ድምፅን የወደደው በዚያ ጥሪ ምክንያት ነው ይላል። ልጅ እያለ ድምፅ ክንፍ ያለው፣ ማዕዘን ላይ መታጠፍ የሚችል ፍጥረት ይመስለው ነበር። አድጎ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ መጠገን ጀመረ፣ ከዚያ ሱቅ ከፈተ፣ ከዚያ ጆንያው መጣ።

ዘንድሮ የእናቱ ጉሮሮ ታመመ። ሐኪሙ የበቀለው ነገር ከድምፅ ሳጥናቸው ጋር ተቆርጦ ካልወጣ አይድኑም አለ። ይተነፍሳሉ፣ ይበላሉ፣ ይኖራሉ፤ ብቻ አይናገሩም። ቀኑ ተቆረጠ። ልጁ ሌላ ምንም አልተመኘም፤ ያንን ጥሪ፣ ከመቆረጡ በፊት፣ ንጹህ አድርጎ መቅዳት ብቻ።

ቀዶ ጥገናው ሁለት ቀን ሲቀረው ሱቁ ገባ። የሚስቱ ወንድም፣ ሱቁን አብሮት የሚይዘው፣ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ኦርጅናል መቅረጫውንና ማይኩን ያዘ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ጆንያው ሄደና ቆመ። «ለእናቴ?» አለ ብቻውን። የግድግዳውን ገመድ አውርዶ ይዞ ወጣ። ይህችን ቅጽበት ልብ በሉልኝ። ለእኔና ለእናንተ እናት የጆንያው ይበቃ ነበር።

የእናቱን ክፍል በብርድ ልብስ አለበሰው። መስኮቱን ሸፈነ፣ የበሩን ሥር በትራስ ደፈነ፣ ሰዓቱን ከግድግዳ አውርዶ ኮሪደር ላይ አስቀመጠ። ከሰዓት በኋላው ብርሃን በብርድ ልብሱ ቀዳዳ እየሾለከ እንደ ማር ወለሉ ላይ ይፈሳል። ክፍሉ የትራስ ሆድ ሆነ። ሰው ሲናገር ድምፁ ከከንፈሩ ሳይርቅ የሚተኛ ይመስላል።

«ልትቀብረኝ ነው ልትቀዳኝ?» አሉ እናቱ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። ድምፃቸው ሻክሯል፣ ግን አለ።

«ዝም ብለሽ እንደ ድሮው ጥሪኝ፣ እማዬ።»

«ፊቴ ተገትረህ እንዴት ነው የምጠራህ? ሂድና ጥፋ መጀመሪያ።»

መቅረጫውን ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። የእናቱን ትንፋሽ ሰማ፣ ከሥሩ ደግሞ፣ ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ፣ አንድ ሰውዬ ሰማ። ረጋ ያለ የሬዲዮ ድምፅ ስለ ንብ ያስተምራል። «ቀፎውን ስትከፍቱ አትቸኩሉ... ንቦቹ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ያውቃሉ...»

ሌላ ገመድ ቢሆን ኦርጅናል ወዲያው ገመዱን ይጠረጥር ነበር፤ መረብ የሌለው ገመድ የሬዲዮ ሞገድ እንደሚለቅም ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የግድግዳውን ገመድ ግን እንዴት ይጠርጥር? ለስንት ሰው ኦርጅናል ነው እያለ ሲምልበት ኖሯል። ስለዚህ ጎረቤትን ጠረጠረ።

ኮሪደሩን ተሻግሮ አንኳኳ። ጎረቤቲቱ ልብስ እየተኮሱ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ሬዲዮውን ትንሽ ቢዘጉልኝ?»

«የቱን ሬዲዮ?»

«ስለ ንብ የሚያወራውን።»

ካውያውን አቁመው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?»

ታች ወረደ፣ ላይ ወጣ። አንዱ ሬዲዮ የለኝም አለው፤ አንዱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ጠጋኝ ከሆንክ ግባ አለው። ሦስተኛው ፎቅ ያለው ጡረተኛ ደግሞ ንብ ማርባት አትራፊ ነው ወይ ብሎ በር ላይ አቆመው። ደረጃው ላይ ሲመላለስ ሕንፃው ሁሉ ተኝቶ የሚያልም መሰለው፤ ያ ሰውዬ በየግድግዳው ውስጥ ለማንም ሳይሰማ የሚያወራ፣ እሱ ብቻ የነቃ።

ሲመለስ እናቱ መጣራት ጀምረው ነበር። በወጣበት አፍታ «ጠፋልኝ» ብለው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ያን የድሮውን ጥሪ ሙሉውን ይለቁታል። እሱን ጠሩ፣ በሕፃንነቷ የሞተችውን እህቱን ጠሩ፣ የጎረቤት ልጆችን በሙሉ በየቅጽል ስማቸው ወደ ቤት አስገቡ። ሊያስቆማቸው አፉን ከፈተና ዘጋው። ሲጨርሱ ድምፃቸው ክር አክሎ ነበር። «በቃ፣ ሁሉም ገብቷል» አሉና ጋደም አሉ።

ሱቅ ተመልሶ አዳመጠው። የእናቱ ጥሪ አለ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግን በላዩ ላይ የሚነዝር ድምፅ ይሄዳል፣ ንብ አርቢውም አብሮ ያወራል። «ድን-ቡ-ሼ... ንግሥቲቱን ካገኛችሁ... ና ግባ... ጭሱን ቀስ አድርጋችሁ...» የሚስቱ ወንድም ከዕቃው ጋር ገባ።

«ከግድግዳው ላይ ያለውን ነካክተኸዋል?» አለው ኦርጅናል።

«ጋሼ፣ አትቆጣ። ትናንት ያቺ ሙዚቃ አስተማሪ ከግድግዳው ካልሆነ አልገዛም ብላ ሞገተችኝ። ሸጥኩላት።»

«እና ምን ሰቀልክ?»

«ከጆንያው። አንተ ራስህ ማን ይለየዋል ትል የለ?»

ኦርጅናል ምላጭ አንስቶ ገመዱን ለሁለት ከፈለው። መረብ የለም። እነዚያ ሁለት ጸጉሮች ብቻ፣ ወፍራም ጎማ ውስጥ።

«የጠዋቱን ገዢ ሁሉ ይሄንኑ አስነክቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም ነክቼዋለሁ።»

«ታዲያ ማንም አላወቀማ» አለ የሚስቱ ወንድም፣ ለማጽናናት።

በማግስቱ ሙዚቃ አስተማሪዋን ፈልጎ ትምህርት ቤት ሄደ። ባዶ ክፍል ውስጥ ወንበር እየደረደረች አገኛት። የሆነውን ሁሉ ነገራት፣ ሳይቀንስ። ጥሎበት ሲናዘዝም የሚያምር ቋንቋ አለው።

«ለእኔ ከጆንያው ሊሰጠኝ የነበረ ሰው አሁን ዋናውን አውሺኝ ይለኛል» አለች።

«አዎ።»

«ከዚህ በፊት ሁለት ከአንተ ገዝቻለሁ። የልጆቹን ዝግጅት አበላሽተውብኛል። ልጆቹን ነው የተቆጣሁት፣ ማይኩን አትንኩ እያልኩ።»

እሷ ገመዱን ከሳጥን አውጥታ ሰጠችው። «ለእናትህ ነው እንጂ ለአንተ አይደለም።»

ሆስፒታል ሲደርስ እናቱ ለነገው ቀዶ ጥገና አልጋ ይዘው ነበር። ነርሷ እንዳይናገሩ ከልክላለች፤ ቢፈቀድላቸውም የቀረ ድምፅ አልነበረም። ገመዱን ሰካ፣ ማዳመጫውን አደረገ። ንብ አርቢው የለም፣ የሚነዝረው የለም፤ ጥርት ያለ፣ ጥልቅ ዝምታ። እናቱ ከንፈራቸውን ከፈቱ። የወጣው አየር ነው። እውነተኛው ገመድ ያንን አየር እንዳለ፣ አንዲት እንጥፍጣፊ ሳያጎድል፣ አስገባለት። ስሙን በትንፋሽ ሁለት ጊዜ ሞከሩትና ፈገግ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ፤ በቃ፣ አትድከም።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ቁስሉ ሲጠግግ ሌሎች በሽተኞች ወዳሉበት ሰፊ ክፍል አዛወሯቸው። አንድ ከሰዓት ልጃቸው ሲመጣ ማዳመጫውን በምልክት ጠየቁ። አመነታ። ያንን ቆሻሻ ቅጂ ሊያሰማቸው አፍሯል። እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩና ሰጣቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። መጋረጃው ያለ ነፋስ የሚተነፍስ ይመስላል። የማይሰማ ከንፈራቸው ከጥሪው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ድንገት ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። ማዳመጫውን አውልቀው ለጎን አልጋዋ ሴትዮ አቀበሉ።

ሴትዮዋ አዳመጡ። «አቤት ድምፅ» አሉ። ቆይተው፣ «ይሄ ሰውዬ ግን ማነው? ንብ የሚለው?»

«የሬዲዮ ሰው ነው» አለ ኦርጅናል።

«በእናትህ ጥሪ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቱ ቀድመው «ተይው ልጄን፣ ደክሞት ነው» ይሉ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጥያቄ ሲመጣ ከፊቱ የምትቆምለት ያቺ ድምፅ ነበረች። አሁን ዝም ብለው ያዩታል፤ እንደ ሴትዮዋ እሳቸውም መልሱን ይጠብቃሉ።

«ገመዱ ፎርጂድ ስለሆነ ነው» አለ። «የምሸጠው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ማዳመጫውን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አኖሩ። «እና ነገም ትሸጣለህ?»

እናቱን አየ። ሴትዮዋን አየ። መሬት አየ። ከዚያ ለመሬቱ፣ «አልሸጥም» አለው።

እናቱ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ወደ እሱ አዘነበሉ። አልተሰማኝም፣ ማለታቸው ነው።

«አልሸጥም፣ እማዬ» አለ፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየው።