የእጀ ማር ምላስ

«አንተ ወንዝ ተሻግረህ፣ እኔ ማዶ ቀርቼ፣
እምም… እምም… እምም… እምም… ሰምቼ።»

ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቷታል። ቤት መምቻው ብቻ ነው የቀረላት፤ መካከሉን በእንጉርጉሮ ትሞላዋለች። ጠዋት በልጇ ጠባብ ክፍል መስኮት አጠገብ ቆማ ነጠላዋን እያጣፋች፣ የማታውቃቸውን ጣሪያዎች እያየች፣ ይህንኑ ትመላልሰዋለች።

«እማ፣ እሱን ዘፈን ዛሬም አልጨረስሽውም?» አለች ልጇ ጫማዋን እያሰረች።

«እሱ ይጨርሰኛል እንጂ እኔማ አልጨርሰውም።»

በሰፈሯ በስሟ የሚጠራት የለም። እጀ ማር ነው የሚሏት። ከወጣትነቷ ጀምሮ የሰው ሠርግና የሰው ሐዘን ላይ ድስት ስትጥድ የኖረች ሴት ናት። ክዳኑን ከፈት አድርጋ፣ ከማማሰያው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ላስ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ጨው ያንሰዋል» ካለች ያንሰዋል። «ይበቃዋል» ካለች ሙሽራው ራሱ መጥቶ ቢለምናት አትጨምርም።

ከዚያ ያ ክፉ ጉንፋን መጣ። ትኩሳቱ ሰነበተና ሄደ፤ ሲሄድ ግን ማሽተቷንና መቅመሷን ጠቅልሎ ይዞባት ሄደ። ሐኪሙ መጀመሪያ «ይመለሳል» አላት። ቆይቶ «ሊመለስ ይችላል» አላት። በመጨረሻ ስለ ደም ግፊቷ ማውራት ጀመረ። ለማንም አልተናገረችም። አብራት ሽንኩርት የምትከትፈው ባልንጀራዋ ብቻ ነቃችባት፤ በየድግሱ ተደብቃ እየቀመሰች በጆሮዋ ታንሾካሹክላት ጀመር። እጀ ማር በሰው ምላስ ማር ሆና ከረመች።

እጀ ማር ባሕር የተሻገረችው፣ ልጇ «መጥተሽ እረፊ፤ ገበያ እንዞራለን፣ ውጭ እንበላለን» ስላለቻት ነው። ዕረፍት መስሏት ነበር። ከመጣች በኋላ ነው ልጅት ጉዱን ያወጣችው። የጽዳት ሥራዋን ለቃለች። እዚህ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት ያገራቸው ሴት ምግብ ቤት አላቸው፤ ማድቤቱን ለእናትና ለልጅ ሊያስረክቡ ፈቅደዋል። «ብቻ እናትሽ አንድ ድስት ሠርታ ታቅምሰኝ» ብለዋል። ቀጠሮው ለዛሬ አመሻሽ ነው። እጀ ማር ይህን ስትሰማ «እሰይ» ብላ ልጇን ሳመች።

ገበያው ጣሪያው የራቀ አዳራሽ ነው። በአንድ ወገን ጨርቅ፣ በሌላው ዓሣ፤ መካከሉ ላይ የቅመም ጆንያዎች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። የሚገባው ሰው ሁሉ ገና ከበሩ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል። ለእሷ ግን ገበያው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ነው፤ ያምራል፣ አይሸትም። ቢሆንም ልጇ እያየቻት ነውና ቀረፋውን ሰበር አድርጋ ድምፁን አዳመጠች፤ ቅርንፉዱን በጥፍሯ ጫን ብላ ዘይቱን አየች፤ ቁንዶ በርበሬውን በጥርሷ ሰበረች።

«አየሃት?» አለችው ልጇ ነጋዴውን በቋንቋው፤ «እናቴ ናት!»

እጀ ማር በልጇ ኩራት ተገፋፍታ ከሚዛኑ አጠገብ የነበረውን ክዳን ያለው ጣሳ ከፈተች። ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ረዘም አድርጋ ሳበች።

«አቤት! ልብ ያርሳል» አለች።

ነጋዴው አፉን ይዞ ቀረ። ልጇ በሳቅ ተጣጠፈች። «እማ! ሚዛኑን የሚወለውልበት ጨርቅ እኮ ነው! በናፍጣ የነከረው!»

«መቼ ጠፋኝ?» አለች እናት ፈጠን ብላ፤ «አንቺን ላስቅ ብዬ ነው እንጂ።»

«ተዋናይ!»

ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች። ጣሳውን ስትከድን ግን ክዳኑ እምቢ አላት።

ቀትር ላይ ውሃ ዳር ሣር ላይ አረፉ። ልጅት ጫማዋን አውልቃ ራሷን በእናቷ ጭን ላይ ጣል አደረገች። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፤ የጣቶቿ ጫፍ በሳሙና ብዛት ተልጧል። እናት ጣቶቿን አንድ ባንድ ታሻሻለች።

«ጠረጴዛዎቹን ነጭ አልቀባም» አለች ልጅት ሰማዩን እያየች። «ነጭ ሆስፒታል ይመስላል። በሩ ላይ ምን ብዬ እንደማጽፍ ታውቂያለሽ? እጀ ማር።»

«የኔ ልጅ…»

«እ?»

«ሌላ ሰው ቢያበስለውስ? እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ።»

«ማን አለኝ ሌላ ሰው? ደግሞ ላርጅ ብትዪስ ማን ይፈቅድልሻል!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

እናት የተኛ ፊቷን አየች። እንዲህ ተረጋግታ የተኛችው ሕፃን ሳለች ነበር። አሁን ልቀስቅሳት፣ አሁን ልንገራት አለች። ውሃው ይሄዳል፣ ጀልባው ይሄዳል፤ ቃል ብቻ ተቀምጦ ይቀራል። ነጠላዋን ገልጣ ፀሐዩን ከለለችላት።

አመሻሹ ላይ የምግብ ቤቱ ባለቤት የታሰረ ጉልበታቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀበሏት።

«ነይ እስቲ እህቴ። ስላንቺ እጅ ስሰማ ጆሮዬ ደነቆረ። እስቲ ዛሬ ደግሞ አፌ ይስማ።»

ማድቤቱ ንጹሕ ነው። እጀ ማር ሽንኩርቱን በመልኩ፣ ሥጋውን በድምፁ አበሰለች። ዓይንና ጆሮ የሚችሉትን ሁሉ አሳምራ ሠራች። ለጨው ስትደርስ ቆመች። ያገሯ ጨው ጥርስ የሚሰብር ሻካራ ነበር፤ እጇ የሚያውቀው የዚያን ልክ ነው። ይኸኛው እንደ ዱቄት የላመ ነው። እንደለመደችው ዘግና ጨመረች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። ሙቀት ብቻ።

ልጇ በር ላይ ቆማ ታያታለች። «እህስ፣ እማ?»

«ጨው… ያንሰዋል» አለች፤ አፏ የለመደውን። ደግማ ጨመረች።

ቀረበ። ሴትየዋ አንድ ማንኪያ ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ቆሙ። ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡና «ውሃ አቀብዪኝ ልጄ» አሉ። ልጅት ውሃውን ሰጥታ ራሷ ቀመሰች። ዋጠችው። ደግማ ጎረሰች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጥሩ ነው፣ እማ። ትንሽ… ጥሩ ነው።»

ሦስተኛውን ልታነሣ ስትል እናት እጇን ያዘቻት። «ተይው። ራስሽን አትቅጪ። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምላሴ አይቀምስልኝም። አይሸተኝም። ምንም።»

ልጅት ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ስትመጪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ውሃው ዳርስ?»

«ያኔም።»

ልጅት አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ባለቤቲቱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የማድቤት ቁልፍ አንሥተው ወደ ሽርጣቸው ኪስ መለሱት። «ክፋት አይደለም ልጄ» አሉ፤ «እኔም የምጠብቅበት ጉልበት የለኝም።»

«ሥራዬንም እኮ ለቀቅኩት» አለች ልጅት፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ድስቱን አንሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

«ወዴት ነው?»

«ልድፋው።»

«ምግብማ አይደፋም፤ ነውር ነው» አለች እጀ ማር። ድስቱን ከእጇ ተቀብላ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እዚያ ቤት ውስጥ ያንን ሊበላ የሚችል አንድ አፍ ብቻ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ዳቦ ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ትበላ ጀመር።